ጉርሻ ደመወዝን ሲተካ



ካፌ ገብተን ሻይ ጠጥተን ስንወጣ አስተናጋጇን «መልሱን ያዢው» እንላታለን። ይህችን ገንዘብ በአማርኛ ጉርሻ እንላታለን፤ በማዕድ ዙሪያ በፍቅር ከምንጎራረሰው ጉርሻ ጋር ስሟ አንድ ነው። መልካም ስም ነው። ግን ጉርሻው በደመወዝ ላይ የሚጨመር መሆኑ ቀርቶ ራሱ ደመወዝ ቢሆንስ? ይህን ኑሮ የኖሩ ሰዎችን ታሪክ እንይ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 አበቃ፤ ባርነትም በሕግ ተሻረ። ሚሊዮኖች ነፃ ወጡ፤ መሬትና ጥሪት ግን አልነበራቸውም። በ1867 ጆርጅ ፑልማን የተባለ የቺካጎ ባለሀብት አልጋ ያላቸው የቅንጦት የባቡር ፉርጎዎች የሚያሠራ ኩባንያ አቋቋመ። ተሳፋሪውን እንዲያገለግሉ የቀጠራቸው ጥቁሮችን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። ፖርተር ይባላሉ። ሻንጣ ይሸከማሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ጫማ ይወለውላሉ፣ ሌሊት ደወል በተደወለ ቁጥር ይነሳሉ። ብዙው ተሳፋሪ ስማቸውን አይጠይቅም፤ ሁሉንም «ጆርጅ» ይላቸዋል። ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው ማለት ነው።

ኩባንያው የሚከፍላቸው ትንሽ ነበር። ቀሪውን ተሳፋሪው በጉርሻ እንዲሞላው ተተወ። በ1915 አንድ የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ጉዳዩን ሲያጣራ የፖርተሩ ደመወዝ በወር 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደሆነ በአደባባይ ተሰማ። ለምስክርነት ከቀረቡት የኩባንያው ሰዎች አንዱ ሮበርት ሊንከን ነበር። አባቱ አብርሃም ሊንከን የባሪያ ነፃነት አዋጅን የፈረሙ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ልጁ ደግሞ ከፑልማን ሞት በኋላ ኩባንያውን ለዓመታት መርቷል።

ጫማ የሚወለውሉበትን ቀለም እንኳ ፖርተሮቹ ከኪሳቸው ይገዙ ነበር። በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ፈገግታው ነው። የሰደበህ ሰው ኪስ ውስጥ የልጆችህ እራት ካለ መልስ መስጠት አትችልም። ፈገግ ትላለህ።

በነሐሴ 1925 ኒውዮርክ ውስጥ የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። መሪ አድርገው የመረጡት ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍን ነው፤ የኩባንያው ተቀጣሪ ስላልነበረ ሊያባርሩት አይችሉም። ኩባንያው ግን አባላቱን አሳደደ፣ ከሥራም አባረረ። እነሱም 12 ዓመት ታገሉ። በነሐሴ 1937 ኩባንያው ስምምነቱን ፈረመ፤ የወር ሥራቸው ከ400 ወደ 240 ሰዓት ወረደ፣ ደመወዛቸውም ከፍ አለ። የጠየቁት የበለጠ ጉርሻ አልነበረም። የጠየቁት ሐቃቸውን ነበር።

ልማዱ ግን ከፑልማን ባቡር ጋር አልቀረም። በ1938 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በአገሪቱ ሕግ ሲወሰን አብዛኞቹ የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኞች አልተካተቱበትም። በ1966 ሲካተቱ ደግሞ አሠሪው ጉርሻውን ከደመወዝ እንዲቆጥረው ተፈቀደለት። ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በፌዴራሉ ሕግ ሊከፍል የሚገደደው ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። ከጉርሻው ጋር ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ ልዩነቱን አሠሪው ይሸፍናል ይላል ሕጉ። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ይህን አሠራር አይቀበሉም። እዚያ ሄደው በምግብ ቤት የሚሠሩ ወንድም እህቶቻችን ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቁታል።

እንግዲህ ሀዲያ ሌላ፣ ሐቅ ሌላ ነው። ሀዲያ ሰጪው ደስ ብሎት የሚሰጠው ነው፤ ባይሰጥም ማንም አይከሰውም። ሐቅ ግን የሠራ ሰው አንገቱን ሳይደፋ የሚቀበለው ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ሐቅ በደንበኛው ሀዲያ ላይ ሲጥለው ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ሀዲያው ግዴታ ይሆናል፣ ሐቁም ልመና።

ስለዚህ ጉርሻችንን አናቁም። ስንሰጥ ግን የሰውየውን ክብር የገዛን አይምሰለን፤ ስሙንም እንጠይቀው። ነገ ደግሞ ከመካከላችን ካፌ የሚከፍት፣ ሱቅ የሚከፍት ይኖራል። ያኔ «ደንበኛው ይሰጥሃል» ብለን ከመቅጠራችን በፊት እነዚያን ፖርተሮች እናስታውሳቸው።