መርጡለ ማርያም፦ ድንጋይ ያበበባት የጎጃም ደብር

ከደብረ ማርቆስ በደጀን፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ እነብሴ ሳር ምድር የሚዘልቅ መንገደኛ የጤፍ ማሳ የለበሰውን ደጋ አቋርጦ መርጡለ ማርያም ይደርሳል። በደብሯ ቅጥር ውስጥ፣ ዛሬ ቅዳሴ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ጣሪያ አልባ የጥንት ሕንጻ ቆሟል። በግድግዳው ላይ ባለሙያ እጅ የፈለፈለው አበባ፣ ሐረግና ቅጠል ዘመን ተሻግሮ አሁንም ይታያል።

ትውፊት የደብሯን ጅማሬ እስከ ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሐ ያደርሰዋል። ታላቁን ሕንጻ ያሠሩት ግን የሐድያው ገዥ ልጅ፣ የአፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት የነበሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። በ1509 እ.ኤ.አ. ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት እኒሁ ብልህ ንግሥት ናቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲገባ፣ ቀድሞ መጥቶ እንዳይመለስ የተከለከለውን የአገሩን ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያን አገኘው። ኮቪልያም እቴጌ እሌኒ በጎጃም ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የመንበሩን ሥራ ሊያሳይ እንደ ሄደ አጫወተው። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ በወርቅ ተሞላ፤ ጽላቱም ድፍን ወርቅ ነበር።

ያ ሁሉ ክብር ግን አልቆየም። በግራኝ አህመድ ጦርነት ደብሯ ተዘረፈች፣ ሕንጻውም ወደመ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በዚያው ቦታ እንደገና ገነቡ። በእነርሱ ዘመን ድንጋይን በኖራ ማያያዝ በአገራችን ተስፋፋ። ካቶሊክ ሆነው የነበሩት ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀደመውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መልሰው፣ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ካስወጡ በኋላም ጥበቡ ከአገር አልወጣም። ዛሬ የዓለም ቅርስ በሆነው በጎንደሩ የፋሲል ግቢ ድንጋይና ኖራ ተገናኝተው እናያቸዋለን። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎጃምን ሲዞር የመርጡለ ማርያምን ፍርስራሽ በዝርዝር ጽፎ በ1847 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ስለዚህ መርጡለ ማርያም የሃይማኖት ታሪክ ብቻ አይደለችም። ከሐድያ የተወለዱ ንግሥት፣ ፖርቱጋላዊ እንግዳና ስማቸው ያልተጻፈ የአገራችን ጠራቢዎች የተገናኙባት የእጅ ጥበብ ማኅደር ናት። የንግሥቲቱ ስም ቀርቷል፤ የጠራቢው ስም ግን ጠፍቷል። ይህ መጥፋት በአጋጣሚ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው በሥራቸው ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ብራና የሚፍቁ፣ የሚጽፉና የሚደጉሱ ሊቃውንት ያፈራ አገር የእጅ ሥራን ሊንቅ አይገባውም ነበር።

የቆመው ግድግዳ ጣሪያ የለውም፤ ዝናብም ፀሐይም ሲያገኘው በየዓመቱ ይሳሳል። ቅርጹ ተለክቶና ፎቶ ተነስቶ ይመዝገብ፤ ጥገናውም በካህናቱና በአካባቢው ሰው ምክር፣ ድንጋይ በሚያውቅ እጅ ይሁን። የጎጃም ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ይውሰዱ። ያንን ድንጋይ የጠረበውን ሰው ካከበርን ዛሬ ድንጋይ የሚጠርበውንም ማክበር አለብን።