ከጭነቱ በታች፦ የገዳሪፍ ሎሪዎችና የባሌስትራቸው ታሪክ

ስለ ገዳሪፍ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ሰሊጡና ማሽላው፣ የባቡር ጣቢያውና ወደ ገላባትና መተማ የሚወስደው መንገድ ነው። ያንን ሁሉ እህልና ያንን ሁሉ ሰው ለአሥርተ ዓመታት የተሸከመው ዕቃ ግን ስሙን የሚያነሣለት የለም። ይህ ዕቃ በጭነት መኪና የኋላ አክሰል ላይ የሚታሰረው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ጎባጣ ብረት ነው። እኛ ባሌስትራ እንለዋለን፤ ሱዳኖች ደግሞ «ያይ»፣ ሲበዛም «ያያት» ይሉታል።

በሁለት ቋንቋዎች መካከል ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሁለት ስሞች የሚነግሩት ነገር አለ። ባሌስትራ እንደ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ጎማ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ቃል ነው፤ በጥንት ትርጉሙ በእንጨት እጀታ ላይ ተገጥሞ የሚወነጨፍ የጦር ቀስት ማለት ነው። «ያይ» ደግሞ ምንጩ ቱርክኛ ሲሆን፣ እርሱም ቀስት ማለት ነው። የቱርክና የግብፅ ጦር ሱዳንን ወርሮ መያዝ የጀመረው በ1820 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረው ደግሞ በ1928 ዓ.ም ነው። ሁለቱም ስሞች ከሁለት ወራሪዎች ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም የጦር መሣሪያ ስም ናቸው። ዕቃው ግን የሚያገለግለው ለመውጋት ሳይሆን ለመሸከም ነው። ሲጫኑት ይለጠጣል፤ ሲያቀሉለት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል።

ባሌስትራ ከመኪና የቀደመ ነው። እንግሊዛዊው ኦባዳያ ኤሊየት ለፈረስ ሠረገላ በሠራው የባሌስትራ አሠራር የፈጠራ መብት ያገኘው በ1804 እ.ኤ.አ. ነበር። በገዳሪፍ ምድር ግን ዕቃው እጅግ ተፈላጊ የሆነው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ገዳሪፍ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥት በጋዳምባሊያ ሜዳ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመረ። እርሻው በየዓመቱ ሲሰፋ እህሉን ከማሳ ወደ ጣቢያና ወደ ገበያ የሚያደርስ መጓጓዣ አስፈለገ፤ ይህም ሎሪ ሆነ።

በምሥራቅ ሱዳን ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው ሎሪ የእንግሊዙ ቤድፎርድ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቲጄ» የተባለው ዓይነት በተለይ ይታወሳል። ከፋብሪካ የሚመጣው ሞተሩ፣ አፍንጫውና ሻሲው ሲሆን፣ የጭነት ሳጥኑን ከእንጨትና ከብረት የሚሠሩት የአገሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ሳጥኑ ሲያምር፣ ሲቀባና ሲያጌጥ ዓይን ሁሉ ወደ ላይ ያያል። ትልቁ ውሳኔ ግን ከታች ነበር፤ ፋብሪካው የሰጠው ባሌስትራ ይበቃል ወይስ ይጨመርበት?

ፋብሪካው ባሌስትራውን ያሰላው ለተወሰነ ክብደትና ለደህና መንገድ ነው። የገዳሪፍ መሬት ግን ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ጎማ ይውጣል። ነጋዴው በአንድ ጉዞ ብዙ ጆንያ ማድረስ ይፈልጋል። ስለዚህ ባሌስትራው ተፈትቶ ተጨማሪ ብረቶች ይደረባሉ፤ የሰነፈውም ተመትቶ ጉብጠቱ ይመለስለታል።

የዚህ ሥራ ስሌት ቀላል ቢሆንም የሚምር አይደለም። ሰባት ብረት ባለው ባሌስትራ ላይ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ብረቶች ቢደረቡ፣ ጥንካሬው ከሩብ በጥቂቱ በልጦ ያድጋል። የአንዱ ብረት ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ግን ያ ብረት ስምንት እጥፍ አልታጠፍ ባይ ይሆናል፤ በግድ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብልህ መካኒክ አንድ ወፍራም ብረት ከሚያክል ይልቅ ስስ ስስ ብረቶችን ይደርባል።

ይህ ጥያቄ የጭነት መኪና ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራችው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ኤምጂ ቢ ከኋላ የምታርፈው በዚሁ ዓይነት ባሌስትራ ላይ ነው። ዛሬ የኋላዋ የረገበባቸው ባለቤቶች የቀድሞውን ይመልሱ ወይስ የጠነከረ ይግጠሙ እያሉ ይከራከራሉ። የእነርሱ ክርክር ስለ ምቾትና ስለ ኩርባ ፍጥነት ነው። በገዳሪፍ መንገድ ግን ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ምክንያቱም ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬኑ አይጨምርም። ጎማው፣ አክሰሉና ሻሲው በነበሩበት ናቸው። ጠንካራው ባሌስትራ ያልተቀበለውን ግጭት ሻሲው ይቀበለዋል፤ ሻሲው ከተሰነጠቀ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ ይናጋል። ባዶውን ሲመለስ የኋላ ጎማው እየዘለለ መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ከጆንያው በላይ ደግሞ ሰው ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ድንበር ተሻግሮ የመጣው የቀን ሠራተኛ የሚጓዘው ከጭነቱ አናት ላይ ገመድ ጨብጦ ነው። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. ከረሀብና ከጦርነት ሸሽቶ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ወገናችን፣ የእርዳታ እህሉም ጭምር፣ በሎሪ ተጓጉዟል። በኅዳር 2013 ዓ.ም ጦርነት ያሳደዳቸው ሰዎች በኡም ራኩባ ሲሰፍሩ ያው ጥቁር አፈር ጠበቃቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙዎች በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ተመለሱ። በእነዚያ አሮጌ ሎሪዎች ላይ ባሌስትራው የተጨመረው ለጆንያው ታስቦ ነው፤ ከላይ የተቀመጠው ሰው በስሌቱ ውስጥ አልነበረም። የመንገዱን ጉድለት በብረት ሸፈኑት፤ የብረቱን ጉድለት ግን ተሳፋሪው በወገቡ፣ አንዳንዴም በሕይወቱ ከፈለ።

ካርቱምን ከፖርት ሱዳን በገዳሪፍ በኩል የሚያገናኘው አስፋልት በ1980 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ረጅሙ ጉዞ ቀስ በቀስ ለትልልቅ የጭነት መኪናዎች ተላለፈ። ከዋናው መንገድ ሲወጡ ግን ያው መረሬ ነው፤ በክረምት ዛሬም መንገድ ይዘጋል።

የተሰበረው ባሌስትራ ግን አይጣልም። በከሰላ አንጥረኞች እየቀጠቀጡ ሰይፍ ያወጡበታል። በእኛ አገር ደግሞ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል። ከቀስት የተነሣው ስም በአንደኛው ወገን ወደ ጦር መሣሪያ፣ በሌላው ወደ እርሻ ዕቃ ይመለሳል ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ በአንጥረኛ ደጅ ሲያልፉ የተከመረውን ብረት ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። መሐሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ ያለው ጎባጣ ብረት ካገኙ፣ አንድ ቀን የሰው ክብደት አርፎበት የነበረ መሆኑን ያስቡ።