ሼር ጋዜጣ
በቶሮንቶ የካሪቢያን ተወላጆችና የጥቁር ካናዳውያን ሳምንታዊ ጋዜጣ። በ1978 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት ቀደም ሲል በኮንትራስት ጋዜጣ የሠሩት የትሪኒዳድ ተወላጁ አርኖልድ ኦገስት ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ ለረጅም ዓመታት ከኤግሊንተን ዌስት፣ «ትንሿ ጃማይካ» ከሚባለው ሰፈር፣ ሳይርቅ በቮን መንገድ ነበር። በነፃ ይታደል ስለነበር የሚኖረው በማስታወቂያ ነበር፤ ስለዚህ ከ2011 ጀምሮ የባቡር መስመር ግንባታ የኤግሊንተንን ሱቆች ገበያ ሲያቀዘቅዝ ጉዳቱ የነጋዴው ብቻ አልነበረም፤ ደንበኛ ያጣ ባለሱቅ ማስታወቂያ አያወጣም። የማኅበረሰብ መገናኛ ብዙኃን ማስታወቂያን በጋራ መሸጥና ዘገባ መለዋወጥ የሚያስፈልጋቸውም ለዚህ ነው። በተናጠል የቆሙት ብዙ ተፈትነዋል፦ ኮንትራስት በ1991 ተዘጋ፤ በ2011 ሥርጭት የጀመረው ጂ 98.7 ሬዲዮም መሥራቹ ፊትዝሮይ ጎርደን በ2019 ካረፉ በኋላ በዕዳ ተይዞ ተሸጠ።