እቅፍ የነበረው የባሕር መለኪያ

የእንግሊዝ መርከበኞች የባሕርን ጥልቀት ሲለኩ የኖሩት በ«ፋዘም» ነው። አንድ ፋዘም 6 ጫማ ወይም 1.83 ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኩ የተገኘው ከሰው ገላ ነው፤ ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት። እኛ ስንዝርና ክንድ እንደምንለው ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ የተዘረጋ ክንድንም እቅፍንም ያመለክት ነበር። በስዊድንኛ ያለው ዘመዱ «ፋምን» ደግሞ ዛሬም እቅፍ ማለት ነው።

እቅፍን ከባሕር ያዛመደው ገመድ ነው። ገመድ የሚስብ መርከበኛ በዘረጋው ክንድ ልክ እየቆጠረ ይስባላ!

በገመዱ ጫፍ 3 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን እርሳስ ይታሰራል። የእርሳሱ ሥር ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሞራ ይሞላበታል። ወለሉን ነክቶ ሲወጣ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የዛጎል ስብርባሪ ተጣብቆበት ይመጣል፤ መርከብ መሪውም በዚያ የት እንደደረሰ ይገምታል። ገመዱ ላይም ምልክቶች አሉ፦ በ2 ፋዘም ሁለት የቆዳ ቁራጭ፣ በ3 ሦስት፣ በ5 ነጭ ጨርቅ፣ በ7 ቀይ፣ በ10 የተበሳ ቆዳ። ነጩና ቀዩ ጨርቅ ሽመናቸው የተለያየ ነው። በድቅድቅ ጨለማ ዓይን የማይለየውን ጣት እንዲለየው ታስቦ ነው፤ ከሁሉ የምወድላቸው ብልሃት ይህን ነው።

ሥራው ከእንግሊዞችም ይቀድማል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ቅዱስ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ በሌሊት ማልታ አጠገብ ስትደርስ መርከበኞቹ ገመድ ጥለው መጀመሪያ 20፣ ጥቂት አለፍ ብለው 15 አገኙ። ዓለት እንዳይመታቸው ፈርተው አራት መልሕቅ ጣሉ። በግሪክኛው የተጻፈው መለኪያም የተዘረጉ ክንዶች ርዝመት ነው።

በሚሲሲፒ ወንዝ «ማርክ ትዌይን» የሚለው ጥሪ ጥልቀቱ ሁለት ፋዘም ነው፣ ለእንፋሎት ጀልባ ይበቃል ማለት ነበር። የቀድሞው የጀልባ መሪ ሳሙኤል ክሌመንስ እ.ኤ.አ. በ1863 የብዕር ስሙ አደረገው። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ በበኩሏ በመጋቢት 1875 እ.ኤ.አ. በማሪያና ደሴቶች አቅራቢያ 4,475 ፋዘም ለካች፤ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ!

«ፋዘም» የሚለው ቃል በኋላ ወደ ሐሳብም ተሻገረ፤ ነገርን እስከ ሥሩ መርምሮ መረዳት ሆነ። የባሕር ካርታዎች ወደ ሜትር እየዞሩ ሲሄዱም በዚህ ፍቺው ዘልቋል። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ባብዛኛው የሚጠቀምበት በአሉታ ነው፦ ሊገባኝ አልቻለም ለማለት። ይህም ቢሆን ከመርከብ ልማድ የራቀ አይደለም። ገመዱ አልቆ እርሳሱ መሬት ካልነካ፣ ለኪው ወደ መሪው ዞሮ ይጮኽ የነበረው «ወለል የለም!» ብሎ ነው።