የተማረ ሰው ዕዳ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሄን

ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ዕዳንም ይዞ ይወጣል። ዕውቀቱ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ዕዳው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። አባቶች «ብድር በምድር» ሲሉ የተወሰደ ሁሉ በዚሁ ዓለም ይመለሳል ማለታቸው ነው። ይሁን እንጂ የትምህርት ብድር ለማን እንደሚመለስና በምን እንደሚመለስ እንደ ዘመኑና እንደ አገሩ ሲለዋወጥ ኖሯል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፥ ተማሪው ትምህርቱንም፥ ምግቡንም፥ መኝታውንም ያለ ክፍያ ያገኝ ነበር። ወጪውን የቻለው መንግሥት ሲሆን፥ በመንግሥት ግምጃ ቤት ውስጥ ኮሌጅን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ገበሬ የከፈለው ግብር ጭምር ነበረበት። ዕዳው ያልተጻፈ ቢሆንም አልተረሳም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ታዘዘ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተሰማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። የመጀመሪያው ሥርዓት ባለዕዳውን ከአበዳሪው ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት አገናኘው፤ ሁለተኛው ግን ባለዕዳውን ፈቃዱን ሳይጠይቅ ስላዘመተ፥ ጥለው የሄዱም ነበሩ።

በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት ሥራ ላይ ሲውል ዕዳው በብር ተተመነ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጅ እንዲሸፍን፥ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ እየተቆረጠ እንዲከፍል ተወሰነ። እንዲህ ያለውን አከፋፈል አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀምራው ነበር፤ ሆኖም በዚያ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ሰው እስኪሻለው ድረስ አይከፍልም። በእኛ አገር ለመምህርነት የሚሠለጥነው ዕዳውን በአገልግሎት እንዲከፍል መፈቀዱ የ1957ቱን ሐሳብ በአዲስ መልክ ያስታውሳል።

መንግሥት አበዳሪ ባልሆነበት ቦታ ዕዳው አይጠፋም፤ ወደ ዘመድ ይዞራል። ለዚህ ጎረቤታችን ሐርጌሳ ምስክር ናት። በጦርነት ፈርሳ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ የተሰደደባት ይህች ከተማ፥ እ.ኤ.አ. በ2000 የራሷን ዩኒቨርሲቲ ከፈተች። ተማሪው የሚከፍለውን ገንዘብ በአብዛኛው የሚያወጡት በአገር ቤት የሚነግደው ቤተሰብና ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ ናቸው። ይህ ዕዳ መዝገብ የለውም፤ ስለዚህ «ተከፍሎ አለቀ» የሚባልበት ቀን አይኖረውም። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ የከተማይቱ ታላቅ ገበያ ዋሄን ተቃጥሎ 2,000 ያህል ሱቆችና መደብሮች ወደሙ። እንዲህ ባለ ቀን፥ አባቱ ወይም እናቱ ከዚያ ገበያ ባገኙት ገንዘብ ያስተማሩት ሰው ከደመወዙ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚደርስባቸው አይጠይቅም፤ ያለውን ይዞ ይደርሳል።

የብር ዕዳ መጨረሻው ይታወቃል፤ ተመራቂውም ከፍሎ ማረጋገጫውን ሲቀበል ነጻ ይወጣል። ችግሩ ሰውዬው በዚያ ወረቀት ሁሉም ዕዳ የተሰረዘ ሲመስለው ነው። የዘመድ ዕዳ ደግሞ ፍቅር አለበት፥ ልክ ግን የለውም፤ ጀማሪውን ሠራተኛ ሊያጎብጠው ይችላል። እንግዲህ ቁርጡ በደመወዙ ልክ ቢሆን፥ ቀሪው ዕዳ ደግሞ በአገልግሎት ቢመለስ፥ ለአበዳሪውም ለተበዳሪውም ይበጃል። በገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር በየዕለቱ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ የሚመልስላቸውም የዚያ ግብር ከፋይ ገበሬ የልጅ ልጆች ናቸው።