የካሳው ፋብሪካና የቀረጥ ነገር

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለው በጦር ካሳ ነው። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ስለ ወረራዋ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀና በ1948 ዓ.ም. በተደረሰው ስምምነት ገንዘቡ ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ግድም ወረደ። የቆቃ ግድብና በጣና ዳር የቆመው የጥጥ ፋብሪካ የተሠሩት ከዚሁ ነው። በመርዝ ጋዝ ላለቀ ሕዝብ ይህ ምንም ነው። ያም ሆኖ ገንዘቡ ተበልቶ አልቀረም፤ ለሺዎች እንጀራ ሆነ።

ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ ከሚሰጡት ሙያዎችም አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። በዓመቱ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መብራት ማመንጨት ጀመረ። ከተማዋ በፋብሪካው ዙሪያ አደገች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፋብሪካው የተወለደው በቀረጥ ጥላ ሥር ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ኢንዱስትሪዎች ሲወርስ ጥላው ይበልጥ ከበደ፤ ከፍተኛው የገቢ ዕቃ ቀረጥ 230 በመቶ ደርሶ ነበር። ከውጭ ጨርቅ ጋር መፎካከር ቀረ። ነገር ግን የተሰበረ መለዋወጫ ለመተካት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ከጥበቃው ጋር የመጣው ችግር ይህ ነው።

መንግሥት ተለወጠ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ምንዛሪ በዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ተዛወረ፤ ከፍተኛው ቀረጥም በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 35 በመቶ ወረደ። የውጭ ጨርቅ ገበያውን ሞላው፤ ሳልባጁ ደግሞ በኮንትሮባንድ ገባ። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተጎዱ የሚለው ሙግት ያኔ ተጀምሮ ዛሬም አልበረደም።

ሙግቱ ግን ጨርቁን ብቻ ያያል። የፋብሪካውን ሥራ በቅርብ የተመለከተ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ጥጡ ከመተማና ከቋራ ሊመጣ ይችላል። ይበጠራል፣ ይፈተላል። ድሩ መሸመኛው ላይ ከመወጠሩ በፊት በስታርች ይጠነክራል፤ አለዚያ ማጉ ሲመላለስበት ይበጠሳል። የተሸመነው ይነጣል፣ ይቀለማል። ቀለሙ፣ ኬሚካሉና የማሽኑ መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ ይገባሉ። ስለዚህ ቀረጥ ፋብሪካውን በሁለት በኩል ይነካዋል፦ የተፎካካሪውን ጨርቅ ሲያስወድድ ይደግፈዋል፣ ቀለሙን ሲያስወድድ ደግሞ ይጎዳዋል።

ይህን በቁጥር የፈተሹት ኢኮኖሚስቱ ሙሉ ገብረእየሱስ ከአርነ ቢግስተንና ከሞንስ ሶደርቦም ጋር ሆነው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው የተመሠረተው የኢትዮጵያ አምራች ድርጅቶችን ከዓመት ዓመት በሚከታተል መረጃ ላይ ነው። በግብዓት ላይ ያለው ቀረጥ ሲቀንስ የድርጅቶቹ ምርታማነት ጨምሯል፤ ባለቀለት ዕቃ ላይ ያለው ሲቀንስ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ለሠላሳ ዓመት የተጮኸው ስለ ጨርቁ ቀረጥ ነበር፤ ለውጡ የመጣው ግን ማንም ብዙ ካላወራለት ከግብዓቱ ቀረጥ ነው። ይህ ግኝት ከኢኮኖሚስቶች ክበብ ወጥቶ በሰፊው መነገር ነበረበት።

ማቴዎ ፊዮሪኒ፣ ማርኮ ሳንፊሊፖና አሻ ሱንዳራም ደግሞ በሌላ ጥናት መንገድን ጨመሩበት። የግብዓት ቀረጥ ቅነሳው ይበልጥ የጠቀመው መንገዳቸው በተሻሻለ ከተሞች ያሉትን ድርጅቶች ነው። ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ባሕር ዳር ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከወደብ የተነሣው የቀለም በርሜል በደጀን በኩል የሚመጣ ከሆነ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት አለበት። እዚያው በረሃ ላይ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ከማንኛውም የቀረጥ ማሻሻያ ባላነሰ የንግድ ፖሊሲ ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ የውጭውን ጨርቅም ቀለሙንም እኩል ያስወድዳል። ሁለቱ ሲመዛዘኑ ፋብሪካው ያትርፍ ወይ ይክሰር ለማወቅ አዲስ ጥናት ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶችም የጨርቃ ጨርቅ መምህራንም ፋብሪካው ባለበት ከተማ ስለሚኖሩ፣ ለዚህ ሥራ ከእነሱ የቀረበ የለም።