ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?

«ሰንጠረዥ» የምንለው ቃል ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ዐረቦች ሸጥረንጅ ከሚሉት ነው። በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ በባግዳድ አስ-ሱሊ የተባለው ሊቅ በኸሊፋው አል-ሙክተፊ ፊት ተጋጣሚውን ረትቷል። ስለ ጨዋታው ሑክም ዑለሞች ተለያይተዋል። አብዛኞቹ ከልክለውታል፤ ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ቁማር እስካልገባበትና ሶላትን እስካላዘናጋ ድረስ መክሩህ ነው ብለዋል። የዛሬው ወጋችን ግን ተጫዋች ነው ተብሎ ስለታመነ ማሽን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ፎን ኬምፔለን የተባለ የሀንጋሪ ሰው በቪየና በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ፊት አንድ ትልቅ ሳጥን አቀረበ። ከሳጥኑ ኋላ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ካባ የደረበ የእንጨት ሰው ተቀምጧል። «ቱርኩ» አሉት። ለምን ቱርክ ሆነ? ለዚያ ዘመን አውሮፓዊ አስማት የምሥራቅ ሰው ልብስ ለብሶ ሲመጣ ይበልጥ ይታመን ነበርና ነው። (በእኛ ልብስ ላይ የተሰፋው ስም ዛሬ የተጀመረ አይደለም!) ባለቤቱ በሮቹን እየከፈተ መዘውሮቹን ያሳያል፤ ተመልካቹም ይገረማል። ናፖሊዮን ሳይቀር በ1809 ገጥሞት ተሸንፏል። ውስጡ ግን አንድ ጎበዝ ተጫዋች ተጣጥፎ በሻማ ብርሃን ይሠራ ነበር። ያ ሳጥን በ1854 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በእሳት ጋየ።

በዚያችው ከተማ በየካቲት 1996 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ የሠራው «ዲፕ ብሉ» ከዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ጋር ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ማሽኑ ሲያሸንፍ ዓለም ደነገጠ፤ ግጥሚያውን ግን ካስፓሮቭ 4 ለ2 ረታ። በዓመቱ በግንቦት 1997 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ተገናኙ። ማሽኑ አሁን በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል የጠጠር አቀማመጦችን ይመረምራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በሁለተኛው ጨዋታ ነውና። ማሽኑ እንደ ሰው የረጋ እርምጃ ተራመደ። ካስፓሮቭ ልቡ ከዳውና ተሸነፍኩ ብሎ እጁን ሰጠ። በማግስቱ ጓደኞቹ ጨዋታውን በእኩል ሊያጠናቅቅ ይችል እንደነበር ነገሩት። በሰሌዳው ላይ በር ነበረው፤ እሱ ግን ማሽኑ አይሳሳትም ብሎ ስላሰበ በሩን አልፈለገም። ልጆቻችሁ ዛሬ በእጃቸው የያዙት ስልክ ከዚያ ማሽን የበለጠ ቼዝ ይችላልና፣ ይህን ታሪክ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ካስፓሮቭ ሳጥኑ ውስጥ ሰው አለ ብሎ ጠረጠረ። የ1770ው ጥያቄ ተመልሶ መጣ! ኩባንያው አስተባበለ፤ የሰው እጅ ስለመግባቱም ማስረጃ አልተገኘም። በእርግጥ ታይዋን ተወልዶ ያደገው ሱ እና ባልደረቦቹ ለዓመታት የደከሙበት፣ የቼዝ ሊቃውንትም ያስተማሩት ማሽን ነበር፤ በጨዋታዎቹ መካከልም ፕሮግራሙን ማስተካከል በደንቡ ተፈቅዶላቸዋል። በዚህ ትርጉም ከሄድን ውስጡ የነበሩት ሰዎች ከቱርኩ ይበዛሉ።

በስድስተኛው ጨዋታ ማሽኑ ፈረሱን ሠዋ፤ ካስፓሮቭ በ19ኛው እርምጃ ተሸነፈ። ውጤቱ 3 ተኩል ለ2 ተኩል። ድጋሚ እንጋጠም ብሎ ቢጠይቅም ኩባንያው እሺ አላለም፤ ማሽኑንም ፈታው። ከሁለቱ ቁም ሣጥኖቹ አንዱ ዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሌላው ካሊፎርኒያ ባለው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም ተቀመጠ።